እቤት የደረሰው ደመወዝ

የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ዕለት ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መቶ ሃያ ሊሬ ይላል። በሃያ ስድስት ዓመቴ መቶ የሚባል ገንዘብ በስሜ ተጽፎ አይቼ አላውቅም ነበርና፣ ደብረ ማርቆስ ምሽግ በር ላይ እንደ ቆምኩ በላብ ተጠመቅኩ። ጣልያን አገራችንን ይዞ ከተማው የእሱ፣ ገጠሩ የአርበኛ በሆነበት ዘመን ነው። እኔ ለጣልያኑ የከብት ሐኪም ረዳትና አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ቋንቋውን የለቀምኩት ቀደም ብሎ፣ ከነጋዴ ጋር በቅሎ እየነዳሁ አሥመራ ስመላለስ ነው።

ወረቀቱ ግን ከመቶ ሃያው በታች ሌላ መስመር ነበረው። እንዲያውም አራት መስመር። የመንግሥት ግብር አሥራ አምስት። የቀለብ ሠላሳ፤ ቀለቡ የደረቀ ዳቦ ነው፣ በላሁትም አልበላሁትም ይቆረጣል። የካኪ ልብስ አሥር። በመጨረሻ ደግሞ በቅሎ ረግጣ የሰበረችው የሙቀት መለኪያ ስምንት። በቅሎዋ የመንግሥት፣ መለኪያው የመንግሥት፣ ዕዳው የእኔ። “በቅሎዋስ ደመወዝ የላትም?” ብዬ ገንዘብ ያዡን ብጠይቀው ቀና ብሎም አላየኝ። ሃምሳ ሰባት ሊሬ ቆጥሮ ሰጠኝ።

ሃምሳ ሰባቱም ቢሆን ወረቀት ነው። ገበያ ላይ ጠገራ ብር ካልያዝክ ጨው እንኳ የሚሸጥልህ አልነበረም። የጣልያንን ወረቀት ለባላገር ብታሳየው ገልበጥ አድርጎ ያይና “ምንድን ነው፣ ክታብ ነው?” ይልሃል። አንድ መንዛሪ ለሃምሳ ሰባቱ አራት ጠገራ ሰጠኝ፣ ያንንም እንደ ውለታ ቆጥሮ። ከዚያ ወደ ሮብ ገበያ የሚወስደውን ዳገት ይዤ ስወጣ የአርበኞቹ ዘብ አስቆመኝና ከአራቱ አንዱን ለስንቅ ወሰደ። በእነሱ አልፈርድም፤ ዱር ያደሩት እነሱ ናቸው፣ እኔ ምሽግ ውስጥ ዳቦ በልቻለሁ። ብቻ አባቴ ቤት ስደርስ መቶ ሃያው ሦስት ሆኖ ነበር።

አባቴ ሦስቱን ጠገራ መደቡ ላይ ደርድረው አዩዋቸው።

“ደመወዝህ ስንት ነው ያልከኝ?”

“መቶ ሃያ።”

“የቀረውሳ?”

መስመር በመስመር ነገርኳቸው፤ ግብሩን፣ ቀለቡን፣ በቅሎዋን፣ መንዛሪውን፣ ዘቡን። አልተቆጡም፣ አልሳቁም። ሦስቱን ጠገራ አንድ በአንድ ገለበጡና፣ “እኔስ ድግምት የሚመስለኝ ከብት የምትወጉበት የመርፌው ሥራ ነበር። ለካ የደመወዙ ይብሳል!” አሉ።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ለአንድ በሬ ብዬ ነው። አባቴ አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው። በአንድ በሬ አይታረስም፤ ስለዚህ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች በሬያቸውን አጣምረው ተራ በተራ ያርሳሉ፣ መቀናጆ እንለዋለን። የአባቴ መቀናጆ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ነበረች። በሰዎቹ መካከል ምንም ክፉ ነገር የለም፤ ችግሩ የዝናቡ ነው። መሬቱ ልክ ሆኖ የሚረጥብበት ቀን ጥቂት ነው፣ ያንኑ ለሁለት ሲከፍሉት የአንዱ እርሻ ሁልጊዜ ይዘገያል። የሚዘገየው ደግሞ የአባቴ ነበር። “እሷ ትቅደም፣ ልጆች አሏት” ይላሉ በየዓመቱ። እኔ ሁለተኛ በሬ ገዝቼ ከዚህ ላወጣቸው ማልኩ። ደህና የእርሻ በሬ ከሃያ ጠገራ በታች አይታሰብም። በወር ሦስት ጠገራ እያልኩ በጣቴ ብቆጥር ብቆጥር፣ የጨውና የጋዝ ሳይነሣበት እንኳ ለክረምቱ አልደርስ አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚሉት የእኔን ደመወዝ ነበር።

አባቴም ራሳቸው የከብት ሐኪም ነበሩ እኮ። ወረቀት የላቸውም እንጂ የተሰበረ እግር ያሥራሉ፣ የተነፋ ሆድ ቦታውን አይተው ወግተው ያስተነፍሳሉ፣ ጥጃ በማኅፀን ሲጋደም እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ያቃናሉ። ዋጋቸው ከአያታቸው የወረደ ነው። በሬው ድኖ በደጃቸው ቆሞ ካላመሰኳ ምንም አይቀበሉም። ካመሰኳ፣ ያ የዳነ በሬ በእርሻ ወራት አንድ ቀን ለሐኪሙ ያርሳል። ከሞተ ግን ማንም የማንም ዕዳ የለበትም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሥራውን ትተውት ስለነበር የሚያርስላቸውም አልነበረም። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ በዚህ ዋጋ አፍር ነበር። ከተማ የገባ ሰው ነኛ። ወረቀት የሌለው ደመወዝ ምን ደመወዝ ነው እል ነበር።

ጣልያኑ ሐኪም ረዥም፣ መነጽራም፣ ከሰው ይልቅ ከበቅሎ ጋር ማውራት የሚቀናው ሰው ነበር። ጠላት ነው፤ ይህን አልረሳም። እሱ በቅሎዎቹን ባዳነ ቁጥር መንደር የሚያቃጥሉት ወታደሮች ይበልጥ ሩቅ መንደር ይደርሳሉ። ቢሆንም መዳፉን የታመመ በሬ ጎን ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ ቁርጥ አባቴን ይመስለኝና በራሴ እናደድ ነበር።

አንድ የደመወዝ ቀን ይኸው ሰው ከገንዘብ ያዡ ቢሮ ወጥቶ የመድኃኒት ሣጥን ላይ ቁጭ አለና የራሱን ወረቀት ዘረጋ። የሐኪም ደመወዝ ስንት ይሆን እያልኩ ስንት ወር ሙሉ ስገምት ከርሜያለሁ። አንገቴን ማስገጌን አየና “ና፣ ተመልከት” አለኝ። ላይ ያለው ቁጥር የእኔን አሥራ አምስት እጥፍ ነበር። በዚህ ገንዘብ ሮብ ገበያ የዋለ በሬ ሁሉ ይገዛል ብዬ አሰብኩ። ሐኪሙ ግን ጣቱን ወደ ታች ማንሸራተት ጀመረ። የመንግሥት ግብር። የጡረታ። የፓርቲ መዋጮ። ሌላ መዋጮ፣ ምን እንደሆነ እሱም አያውቀውም። የመኮንኖች ምግብ ቤት። አገሩ ላለች እናቱ የሚላክ። ጣቱ ወረቀቱ ጠርዝ ሲደርስ የቀረችው ቁጥር ለሲጃራና ለሳሙና የምትሆን ነበረች።

“እርስዎንም ይቆርጡዎታል፣ ሲኞር?” አልኩት።

“ሁሉንም ይቆርጡታል” አለ። “የእኔን አለቃም ይቆርጡታል።”

አውሮፕላን በላዬ ሲያልፍ እንደዚያን ጊዜ አልተደነቅኩም። ባሕር ተሻግሮ የሰው አገር የያዘ ሰው፣ መትረየስ ያለው፣ ምሽግ ያለው፣ አንድ ቀጭን ገንዘብ ያዥ በእርሳስ ሲቆርጠው ዝም ብሎ ፈርሞ ይወጣል! እኔ የምቆረጠው ጥቁር ስለሆንኩ፣ የተሸነፍኩ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ያም አለበት። ግን ከዚያ በላይ የሆነ፣ ማንንም የማይምር አንድ ነገር በዚያ ወረቀት ውስጥ እንዳለ ያን ቀን ታየኝ። ፈራሁም፣ ተገረምኩም።

ሐኪሙ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ሲከት “አባትህ የከብት ሐኪም ናቸው ብለኸኝ ነበር። ስንት ያገኛሉ?” ብሎ ጠየቀኝ። እያፈርኩ ነገርኩት፤ በሬው ከዳነ አንድ ቀን እርሻ።

“ከዚያ ላይ የሚቆረጠውስ?”

“ምንም።”

መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። “ምንም?” አለ እንደገና፣ ያልሰማ ይመስል።

በሚያዝያ ደስታ መጣ። ደስታ የምንለው የከብቱን መቅሠፍት ነው፤ ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም፣ ለማባበል ይሆናል። የያዘው ከብት ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ ሆዱ ይፈታል፣ ሳምንት ሳይሞላው ይወድቃል። በደምበጫ በኩል በረቶች ባዶ ሆነው ማደራቸው ተሰማ። ወደ እኛ ለመድረስ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር።

ምሽጉ ውስጥ መድኃኒቱ ነበረ። በሽታው ይዞት ከዳነ በሬ ደም የተጣራ ቢጫ ውኃ ነው፤ ከአሥመራ በትንንሽ ጠርሙስ ይመጣል፣ አንዱ ጠርሙስ ላንድ በሬ። የመጣውም ለወታደሩ እርድ ከብት ነው። ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ቆየሁና ሐኪሙ ፊት ቆምኩ። “ሲኞር፣ የሚቀጥለው ሦስት ወር ደመወዜ በሊሬ ቀርቶ በዚህ ይከፈለኝ” አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። መዝገቡን አወጣና ሠላሳ ጠርሙስ ጻፈ፤ በጎኑ ደግሞ “ለጣልያን ለገባ አገር ከብት” የሚል ቃል አሰፈረ። የእኛ መንደር ለጣልያን አልገባም፣ የመግባትም ሐሳብ አልነበረውም። እሱም ይህን ያውቃል።

ደስ ብሎኝ ላቅፈው ስል ግን “ቆይ” አለኝ። “ደመወዝ ነው። ከደመወዝ ላይ ግብር ይነሣል። ገንዘብ ያዡ መድኃኒትና ሊሬ አይለይም፣ ቢጎድል እኔን ነው የሚጠይቀኝ።” ከሠላሳው አምስት ጠርሙስ አንሥቶ ወደ ሣጥኑ መለሰ። አንድ በአንድ ሲመለሱ በዓይኔ አየሁ። ለበሬ መድኃኒት የሚከፈል ግብር! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሃያ አምስቱን ገንቦ ውስጥ በእርጥብ ገለባ ጠቅጥቄ አገሬ ገባሁ። መንገድ ላይ ያው ዘብ አስቆመኝ፤ ገንቦውን ከፍቶ “የሰው ነው የከብት?” አለኝ። የከብት ነው ስለው አንዱን ጠርሙስ አንሥቶ አየና በጥንቃቄ መልሶ ገለባውን ራሱ አለበሰው። “እለፍ፤ እኛም ቤት በሬ አለን” አለ። ከደመወዜ ላይ ምንም ሳይቆረጥ ያን ዳገት የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ይዘው ሲያዩ ከምን እንደተሠራ ነገርኳቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቢጫው ውኃ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

“ያለፈለት በሬ ላላለፈለት ደሙን ሰጠው ማለት ነው?”

“አዎ፣ አባዬ።”

“ይኸማ መቀናጆ ነው” አሉ። እኔ ከጣልያኑ ስንት ቀን ሙሉ አስተርጉሜ የገባኝን ነገር እሳቸው ባንድ ቃል ጨረሱት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሕዝቡ ተነጋገረ። ከወንዙ ማዶ የሚኖር ጎረቤታችን፣ ሁለት ሸጋ በሬ ያለው፣ አፉ የማይገታ ሰው፣ መጀመሪያ ተነሣ። “ዛሬ መርፌ፣ ነገ ቆጠራ፣ ከነገ ወዲያ ግብር! የጣልያን እጅ ያለበት ነገር መጨረሻው ግብር ነው። ይኸ ባንዳ በሬያችንን ሊያስቆጥር ነው የመጣው” አለ። ባንዳ ያለኝ እኔን ነው። ሰውየው ሞኝ አልነበረም። ቆጣሪ ሲመጣ ደህናውን ከብት ገደል ውስጥ ሰውሮ ከሲታውን ማሳየት ከአባት የወረደ ብልሃት ነው፣ ስንቴም አትርፎናል። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ።

አባቴ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። “ዋጋው የዱሮው ነው” አሉ። “ተርፎ በደጄ ቆሞ ካመሰኳ አንድ ቀን እርሻ። ከሞተ ምንም። የሚጻፍ ነገር የለም።” ሌላ አልተናገሩም። ሰዉ በዚያ ዋጋ አርባ ዓመት ያውቃቸዋል፣ አንድም ቀን ሲያጭበረብሩ አላያቸውም። በማግሥቱ ጧት ሃያ ስድስት የእርሻ በሬ ደጃችን ተሰለፈ። ያ ጎረቤታችን ብቻ የእሱን ሁለት በሬዎች ገደል ውስጥ አውርዶ ደበቃቸው።

በሬው ሃያ ስድስት፣ ጠርሙሱ ሃያ አምስት። ቁጥሩን ከጅምሩ አውቄዋለሁ፣ ግን አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይሰበራል እያልኩ ለራሴ እየዋሸሁ እወጋለሁ። ባለቤት ከእንግዳው በኋላ ነውና አባቴ በሬያቸውን ከሰልፉ መጨረሻ አቁመውታል፤ ከፊቱ የመቀናጆው፣ የሴትዮዋ በሬ አለ። መጨረሻ ላይ ሁለት በሬና አንድ ጠርሙስ ቀሩን።

“ግማሽ ግማሽ ላድርገው” አልኩ። ሐኪሙ ግማሹ እንደማይሠራ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ቢሆንም አልኩት።

“ግማሽ ቀንበር ያርሳል?” አሉ አባቴ። “ለእሷ ጨርሰህ ውጋ።”

“አባዬ፣ ይህም ከሞተብዎ ምን ሊያርሱ ነው? እኔ እኮ ሁለተኛ ልገዛልዎ ነበር የሄድኩት!”

“እሷ ልጆች አሏት።”

ወጋሁት። ምሽጉ ውስጥ ወደ ሣጥኑ የተመለሱት አምስት ጠርሙሶች ዓይኔ ላይ ድቅን አሉብኝ።

ደስታ በሁለተኛው ሳምንት መንደራችን ገባ። ጥጆች አለቁ፣ ላሞች ሞቱ። ከገደሉ የተደበቁት የጎረቤታችን ሁለት በሬዎች በአንድ ሌሊት ተከታትለው ወደቁ። የአባቴም በሬ ዓይኑ ማልቀስ ጀመረ። አባቴ ሦስት ቀን ሙሉ ራሱን ታቅፈው አፉን በጨው ውኃ እያጠቡ ተቀመጡ። ሲሞት ቀንዱን ዳበስ አድርገው “ደክመሃል፣ ተኛ” አሉት። እኔ ከጓሮ ዞሬ አለቀስኩ። አንድ በሬ ልጨምር ሄጄ የነበረውንም አሳጣሁ ብዬ ነው ያለቀስኩት፣ በቁጭት።

ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ፤ ሦስት ወሩን ያለ ሊሬ መሥራት ነበረብኝ። ዝናቡ ሲጥል ሦስት ቀን አስፈቅጄ መጣሁ። አሳቤ ለአባቴ “ዘንድሮ መሬቱን ለእኩል አራሽ እንስጠው” ለማለት ነበር። ማታ ደርሼ ሳልናገረው አደርኩ።

ጧት ከጮቄ ተራራ በኩል የወረደው ጉም ገና ሳይነሣ የጅራፍ ድምፅ ሰማሁ። ወጣሁ። መጀመሪያ ቀንድ ብቻ ታየኝ፣ ከጉሙ በላይ። ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ቀንበር፣ ከዚያ ሰዎቹ፤ ሞፈር ተሸክመው፣ ምሳቸውን ቋጥረው። ዐሥራ ሁለት ጥማድ። ከኋላ ደግሞ ያች ሴትዮ ያለ ጓድ የቀረ አንዱን በሬዋን እየሳበች። ደቦ ቢሆን ጠላ ይጠመቃል፣ ድግስ ይደገሳል። እኛ ቤት ግን ምንም አልተዘጋጀም፣ የጠበቀም አልነበረም። ደመወዝ ሊከፍሉ ነው የመጡት።

አባቴ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ሃያ አምስቱም በሬዎች ከፊታቸው ቆመው፣ ትንፋሻቸው ከጉሙ ጋር እየተቀላቀለ፣ መንጋጋቸውን ወዲያና ወዲህ እያደረጉ ያመሰኳሉ። ከመንጋጋቸው በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። አባቴ በእያንዳንዱ ፊት እየቆሙ አፉን አይተው ያልፋሉ። እኔ ያፈርኩበት ዋጋ ይህ ነው! በሕይወቴ ሙሉ ከዚያ የበለጠ ገንዘብ አይቻለሁ፣ ከዚያ የበለጠ ሀብት ግን አላየሁም።

ሰዎቹ ወደ እርሻው ሊነዱ ሲሉ አባቴ ጠሩኝ።

“ከደመወዝ ላይ ግብር ይቆረጣል አላልከኝም?”

“ብዬዎታለሁ።”

“ታዲያ ቁረጥ። ሁለት ጥማድ ወደ ማዶ ይሂድ።”

ማዶ የማን እርሻ እንዳለ አውቃለሁ። ከወንዙ ባሻገር ያ ጎረቤታችን በሬ የሌለው መሬቱን በመቆፈሪያ ሲቆፍር ይታያል።

“አባዬ፣ እሱ ሰው ፊት ባንዳ ብሎኛል እኮ!”

“ግብር የሚከፈለው ለሚወዱት ነው እንዴ?” አሉኝ። ከዚያ የሚንቀጠቀጥ ጣታቸውን አንሥተው፣ “ከሠላሳ አምስት ነው የወሰዱብህ። ከዐሥራ ሁለት ሁለት ይሆናል። አስልቼዋለሁ” አሉ።

እውነትም ልክ ነበር። ከስድስት አንድ። በስንት ሌሊት እንዳሰሉት እንጃ፤ ማንበብ የማይችሉ ሰው፣ በሬያቸውን ያሳጣቸውን ያንን ግብር ይዘው፣ ሳያበዙም ሳያሳንሱም።

ሁለቱን ጥማድ እየመራሁ ወንዙን ተሻገርኩ። ጎረቤታችን ከሩቅ አይቶን መቆፈሪያውን ተክሎ ቆመ። ልጣላ የመጣሁ መስሎታል፤ ፊቱ ጠቁሯል።

“አባቴ የላኩት ነው” አልኩት። “ግብር ነው።”

በሬዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከወንዙ ማዶ ዱላቸውን ተደግፈው የቆሙትን ሽማግሌ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የአጥሩን እሾህ ማንሣት ጀመረ፣ በሬዎቹ እንዲገቡ።